የግመል ጠጉር ይሰብሰብ፤ ግመሉ ግን አይሸለት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ ስለ ቆላማ አካባቢዎቻችን ያልተነካ ሀብት የወጣውን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ስለ ግመል ወተትና ስለ ቁም ግመል ንግድ ባነሷቸው ነጥቦች በአብዛኛው እስማማለሁ። አንዱን አንቀጽ ግን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም። በዚያ አንቀጽ የግመል ጠጉር በአውሮፓና በአሜሪካ ውድ ካፖርት እንደሚሠራበት ተጠቅሶ፣ እኛም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ግመሎቻችንን በየዓመቱ እንደ በግ እየሸለትን ጠጉራቸውን ወደ ውጭ ብንልክ ዳጎስ ያለ የውጭ ምንዛሪ እናገኛለን ተብሏል። ሐሳቡ ከቅን ልቡና የመነጨ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ እንስሳትን አንድ አድርጎ የቆጠረ፣ በሥራ ላይ ቢውልም አርብቶ አደሩን የሚጎዳ ምክር ስለሆነ፣ አንባቢ፣ በተለይም ዕቅድ የማውጣት ሥልጣን ያለው አንባቢ፣ እንዳይሳሳት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ከጽሑፉ ጋር የወጣው ፎቶግራፍ ራሱ ባለ ሁለት ሻኛ ግመል ነበር፤ እንዲህ ያለ ግመል በአፋርም ሆነ በሶማሌ ክልል፣ በቦረናም ሆነ በከረዩ የሚያረባ ሰው የለም።

ከነገሩ ጋር ያለኝን ትውውቅ በአጭሩ ልግለጽ። ተወልጄ ያደግሁት በመንዝ፣ የበግ ጠጉር ተነድፎና ተፈትሎ በርኖስ፣ ባናና ዝተት በሚሆንበት አገር ነው። የሥራ ዘመኔን ደግሞ በአብዛኛው ያሳለፍሁት በአፋር ቆላ፣ በእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ነው።

በመጀመሪያ ካፖርቱ የየትኛው ግመል ጠጉር እንደሆነ እንለይ። ለማዳ ግመል ሁለት ዓይነት ነው። የእኛ፣ የሶማሊያ፣ የሱዳን፣ የዓረብ አገሮችና የሰሜን አፍሪካ ግመል ባለ አንድ ሻኛ ነው። በሞንጎልያ፣ በሰሜን ቻይና፣ በካዛክስታንና በአካባቢያቸው የሚረባው ግን ባለ ሁለት ሻኛ፣ እግሩ አጠር፣ አካሉ ደንደን ያለ ሌላ ዓይነት ግመል ነው። ሁለቱም የበረሃ እንስሳት ይባሉ እንጂ በረሃቸው አንድ አይደለም። በሞንጎልያና በሰሜን ቻይና የተዘረጋው የጎቢ በረሃ በብርዱ ወራት ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ወደ 40 ዲግሪ ከፍ ይላል። ውኃው ሁሉ በሚጋገርበት ጊዜ የዱር ግመሎቹ በረዶ እየበሉ ጥማቸውን ይቆርጣሉ። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር እንስሳ ድርብ ጠጉር ያበቅላል፤ ከላይ ያለው ረጅምና ሻካራ ሲሆን፣ ከሥሩ ከቆዳው ተጠግቶ የሚበቅለው ደግሞ እጅግ የላመና ለስላሳ ነው። ዝነኛው ካፖርት የሚሠራው ከዚህ ከሥረኛው ጠጉር ነው። የአንዲት ዘለላ ውፍረት 20 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አምሳኛ እጅ ገደማ ነው፤ የላይኛው ሻካራ ጠጉር ግን እስከ 100 ማይክሮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሁለቱ ሳይለያዩ አብረው ቢፈተሉ ልብሱ ገላ ይኮሰኩሳል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ጠጉሩን ካጠቡ በኋላ ሻካራውን ከላመው ለመለየት በመኪና ደጋግመው ያሳልፉታል።

የአሰባሰቡ ሥርዓትም ጸሐፊው እንዳሰቡት በግ እንደ መሸለት አይደለም። ብርዱ አልፎ መሞቅ ሲጀምር የግመሉ ጠጉር በራሱ ጊዜ ይላላና ቡጭቅ ቡጭቅ እያለ ከአንገቱ፣ ከትከሻውና ከጎኑ ይንጠለጠላል። አርቢዎቹ በእጃቸው እየነቀሉና በማበጠሪያ እያበጠሩ ይሰበስቡታል፤ በመቀስ የሚቆርጡም ቢኖሩ የሚቆርጡት ሊረግፍ የደረሰውን ነው። የጎፈሩን፣ የጢሙንና የጉልበቱን ሻካራ ጠጉር ደግሞ ለይተው ገመድ ይገምዱበታል። ከአንድ ሙሉ ግመል በዓመት 5 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ከግዙፎቹ ወንዶች ከዚያም በላይ ይገኛል፤ ሻካራው ሲወጣለት ግን ለጥሩ ልብስ የሚተርፈው ከፊሉ ብቻ ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚፈለገውም የግልገሎቹ ጠጉር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1926 አሜሪካዊው ተጓዥና ጸሐፊ ኦወን ላቲሞር ከሰሜን ቻይና ተነሥቶ በምዕራብ ቻይና ወዳለው ሺንጂያንግ ከንግድ ቅፍለት ጋር ሲጓዝ፣ ግመሎቹን የሚስቡት ሰዎች እየተራመዱ ካልሲ ሲሠሩ ተመልክቷል። ሰውየው ከኋላው ከሚከተለው ከፊተኛው ግመል አንገት ላይ እፍኝ ጠጉር ይነቅላል፤ በመዳፉ እያፍተለተለ ክር ያደርገዋል፤ ክሩንም ወዲያው በሹራብ መሥሪያው ዘንግ ላይ እያዞረ ይሠራዋል። ሰውየውም ግመሉም መንገዳቸውን አያቋርጡም። ይህን የምጠቅሰው ጠጉሩ በወቅቱ ያለ መቀስና ያለ ትግል የሚለቅ መሆኑን በደንብ ስለሚያሳይ ነው። የእኛን ግመል አንገት ይዞ እንዲህ ልሞክር የሚል ሰው ቢኖር፣ ግመሉ ምን እንደሚመልስለት ከአርብቶ አደር ልጆች አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር። ይህን ያህል ጥሩ ጠጉር ያለው ግመል ባለበት በሞንጎልያ እንኳ ጠጉሩ ብቻውን ግመሉን አላቆየውም። እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ 900 ሺሕ የሚጠጋ የነበረው የአገሪቱ ግመል በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ 250 ሺሕ ገደማ አሽቆልቁሎ ነበር። የጭነት መኪናና ሞተር ብስክሌት ሥራውን ወሰዱበት፤ ብዙውም ለሥጋ ታረደ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አገግሟል፤ ይሁንና በዓለም ገበያ ስም ያለው ጠጉር ይዞ ያንን ያህል የወረደ ሀብት መኖሩን ማወቅ፣ በጠጉር ብቻ እንከብራለን ለሚል ሰው በቂ ማስጠንቀቂያ ይመስለኛል።

ግመል ከጥንቱ የሞቃት አገር እንስሳ ነው የሚለው እምነትም ቢሆን መታረም ያለበት ነው። የግመል ዝርያ የተገኘው በሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ እስያ የተሻገረው በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ሁለቱን አህጉራት ያገናኝ በነበረው በቤሪንግ የየብስ ድልድይ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ ጥናት ከካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከኤልስሚር ደሴት፣ ዕድሜው 3.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ የግዙፍ ግመል አጥንት ስብርባሪ መገኘቱ ታውቋል። ያ ግመል የኖረው በረጅም ክረምትና በጨለማ ውስጥ፣ በጫካ አገር ነበር። ተመራማሪዎቹ ሻኛውና ሰፊው ኮቴው መጀመሪያ ለበረዶ አገር ጠቅመው፣ ኋላ ለአሸዋው ደርሰው ሊሆን ይችላል ብለው ይገምታሉ። እንዲህ ከሆነ ባለ ሁለት ሻኛው የጎቢ ግመል የጥንቱን ካባ እንደ ለበሰ የቀረ፣ የእኛው ደግሞ ለሙቀት ሲል ያሳጠረው ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ እኛው ግመል ልመለስ። ብዙ ሰው ግመል በሻኛው ውኃ ይቋጥራል ብሎ ያምናል። ሻኛው ግን ስብ ነው፤ ስቡም በአንድ ቦታ መከማቸቱ የቀረው ገላ በስብ ሳይሸፈን ሙቀቱን በቀላሉ እንዲያስወጣ ያግዘዋል። የግመል ጥበብ ያለው ውኃን በማጠራቀም ሳይሆን በመቆጠብ ነው። ይህን በሚገባ የመረመረው የኖርዌይ ተወላጁ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ክኑት ሽሚት ኒልሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 ከባልደረቦቹ ጋር በአልጄሪያ ሰሐራ፣ ቤኒ አቤስ በተባለች የበረሃ ገነት ሰፍሮ ግመሎችን አጥንቷል። ውኃ የተከለከለ ግመል የሰውነቱን ሙቀት በሌሊት እስከ 34 ዲግሪ ዝቅ፣ በቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ከፍ እያደረገ እንደሚውል በልኬት አረጋገጠ። ሰው ቢሆን በዚህ ሙቀት አልጋ ይይዛል፤ ግመሉ ግን የቀኑን ሙቀት በገላው ውስጥ አስቀምጦ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ያስወጣዋል። በዚህ ብቻ በቀን ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ላብ ይተርፈዋል። ከክብደቱ ሩቡን ያህል በውኃ ጥም ቢያጣም ይቆማል፤ ውኃ ባገኘ ጊዜ ደግሞ በ10 ደቂቃ ውስጥ 100 ሊትር ያህል ይጠጣል። ሞላላ የሆኑት የደም ሕዋሳቱም ይህ ሁሉ ውኃ በድንገት ሲገባባቸው አይፈነዱም።

ለጉዳያችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጠጉሩ ሙከራ ነው። ተመራማሪው ግመል ሸልቶ ካልተሸለተ ግመል ጋር አነጻጸረ። የተሸለተው ግመል በላብ የሚያጣው ውኃ ካልተሸለተው በ50 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት የጠጉሩ ጫፍ እስከ 70 ዲግሪ ሊግል ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ግን 40 ዲግሪ ላይ ይቆያል። በጠጉሩ መካከል የተያዘው አየር ሙቀቱን ወደ ውስጥ አያስገባውም፤ ላቡም ከጠጉሩ ጫፍ ሳይሆን ከቆዳው ላይ ስለሚተን ቆዳውን በእውነት ያቀዘቅዘዋል። በጎቢ ብርዱን ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለውና በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም ጎዳና ካፖርት ለብሶ የሚሄደውን ሰው የሚያሞቀው ይኸው የታሰረ አየር ነው። አንዱ ብርድን፣ ሌላው ሐሩርን ይመክትበታል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ስለዚህ የቆላ ግመልን በሙቀት ወራት መሸለት ማለት በፀሐይ ላይ ጥላውን መግፈፍ ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ክርክር አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት የመሸለቻ መቀስና ሥልጠና ይዞ እሠራበት ወደነበረው ወረዳ መጥቶ ነበር። ወሩ ግንቦት ነው፤ የአፋር ግንቦት ምን እንደሚመስል ለሚያውቀው መናገር አያስፈልግም። ለማሳያ አንዲት እንስት ግመል ታስራ፣ ተንበርክካ፣ እየጮኸች ተሸለተች። የተገኘው ጠጉር ኪሎ አልሞላም። ከሻኛዋና ከትከሻዋ የወጣው በመጠኑ ለስለስ ያለ ነበር፤ ከታፋዋና ከጎኗ የወጣው ግን ከጣት አንጓ የማይበልጥ፣ እንዝርት ላይ ሊያዝ የማይችል ብጥስጣሽ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን ያልተሸለቱት ግመሎች እንደ ልማዳቸው ጎን ለጎን ተጠጋግተው፣ የፀሐይ ብርሃን በጎናቸው እንዳያርፍ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ተንበርክከው ሲያመሰኩ፣ እርሷ ግን መንጋውን ትታ ከአንዲት ግራር ሥር ገብታ አልወጣም አለች። በዚያ የነበሩ አንድ አዛውንት ዞር ዞር ብለው ካዩዋት በኋላ በአስተርጓሚ በኩል እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፤ «ለዚህች ለብቻዋ ውኃ የምትቀዱላት እናንተ ናችሁ?» መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ሥልጠናው በዚያው ተዘጋ።

የአዛውንቱ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። በበጋ ወራት የመንጋ ውኃ ማጠጣት ማለት ሴቶችና ወጣቶች ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ በደረጃ ቆመው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ሲያወጡ መዋል ማለት ነው። ግመል ለሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይጠጣ መቆየት መቻሉ ነው ይህን ድካም የሚቀንሰው፤ ከውኃው ጉድጓድ ርቆ ሣርና ቅጠል ወዳለበት ለመሄድ የሚያስችለውም እርሱ ነው። ጠጉሩን ለመሸጥ ስንል ላቡን በግማሽ ከጨመርንበት፣ የመንገዱን ርዝመት አሳጠርነው፤ ወተቱንም ቀነስነው። ወተቱ በየቀኑ የሚጠጣና የሚሸጥ ሲሆን፣ ጠጉሩ ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለዚያውም ገዢው ገና ላልታወቀ ገበያ የሚቀርብ ነው።

ይህን ስል ባለ አንድ ሻኛ ግመል ለልብስ የሚሆን ጠጉር ፈጽሞ አይሰጥም ማለቴ አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስ በይሁዳ ምድረ በዳ የግመል ጠጉር ልብስ ይለብስ እንደነበረ ወንጌሉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ በአብያተ ክርስቲያናችን ሥዕሎችም በዚሁ ልብሱ ይታወቃል። ያ ልብስ የተሠራው እንደ እኛ ካለው ግመል ጠጉር ሳይሆን አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ሻካራ የባሕታዊ ልብስ እንጂ የድሎት ልብስ አልነበረም። በዓረብ ምድር ባዳዊ ሴቶች ሳዱ በተባለው የሽመና ጥበብ የግመል፣ የበግና የፍየል ጠጉር ተጠቅመው የድንኳን መጋረጃ፣ የኮርቻ ከረጢትና ምንጣፍ ይሠራሉ፤ ጥበቡንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ በ2020 ደግሞ በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ስም መዝግቦታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ታላላቅ ሰዎች በክብር ቀን ከላይ ደርበውት የሚያዩት ቢሽት የተባለው ካባም ከግመል ጠጉር ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን በእነዚያ አገሮች በረሃው ውስጥ እውነተኛ የብርድ ወራት አለ፤ ግመሉም በብርዱ ጠጉር አብዝቶ በጸደይ ያራግፋል። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ይህ ልዩነት እየጠበበ ይመጣል።

የእኛ ቆላ ሕዝብ ይህን ለማወቅ ምሁር አላስፈለገውም። የአፋሩ ቤት ከዘንባባ ቅጠል በተሠራ ሰሌን ይሸፈናል፤ የሶማሌውም እንዲሁ ምንጣፍና ሰሌን ነው፤ ሁሉም ተጠቅልሎ በግመል ይጫናል። ከግመል ጠጉር የሚሸመን ድንኳን ልማዳቸው አልሆነም። ሞቅ ያለ ልብስ ሁልጊዜም የደጋው ሥራ ነበር። ከዳሎል አካባቢ ጨው ጭኖ ይወጣ የነበረው ቅፍለት ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለ ምድር ተነሥቶ፣ በበራህሌ በኩል አድርጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለችው መቀሌ ሲደርስ፣ የግመል ነጂው ትከሻ ላይ ይታይ የነበረው የጥጥ ጋቢ እንጂ የግመል ጠጉር ልብስ አልነበረም። ግመሉ ጨውን ወደ ደጋ አወጣ፤ ጋቢውና በርኖሱ ደግሞ ከደጋ ወረዱ። በመንዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው ቁር፣ እናቴ የበጉን ጠጉር አጥባና አድርቃ፣ በደጋን ነድፋ፣ ማታ ማታ በምድጃው ብርሃን በእንዝርት ስትፈትል ነው ያደግሁት። ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ አንገት ይኮሰኩሳል፤ ነገር ግን ዝናብ ቶሎ አያልፈውም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ይህ ሥራ ዛሬ በርካሽ የውጭ ብርድ ልብስ እየተገፋ መሆኑ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ ጠጉሩ ይጣል የሚል ሳይሆን፣ ግመሉን ሳይጎዱ የሚገኘው ብቻ ይሰብሰብ የሚል ነው። ለዚህ ከሁሉ የቀለለው ምንጭ ማንም የማያስታውሰው ቄራ ነው። ግመል በሚታረድበት ቦታ ሁሉ ቆዳው ከነጠጉሩ አለ፤ ቆዳው ከመልፋቱ በፊት ጠጉሩን ማንሣት ማንንም ፀሐይ ላይ አያወጣም። ሁለተኛው ግልገሎች ናቸው። የግመል ግልገል በሻኛው፣ በአንገቱና በትከሻው ላይ የተጠቀለለ፣ ከእናቱ ጠጉር እጅግ የለሰለሰ ጠጉር ይዞ ይወለዳል፤ ይህም ሲያድግ በራሱ ይረግፋል። የሚረግፈውን በማበጠሪያ መሰብሰብ ልጆች ግልገሎቹን ሲጠብቁ ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ቆርጦ መውሰድ የሚፈቀድበት አንድ አጋጣሚ ቢኖር እከክ የያዘው ግመል ሲታከም ነው፤ መድኃኒቱ ቆዳ እንዲያገኝ ጠጉሩ ይነሣል። እንዲህ ያለው ጠጉር ግን በሽታ አማጭ ስለሆነ ይቃጠላል እንጂ አይሸጥም።

የተሰበሰበው ጠጉር ምን ያህል የላመ እንደሆነ ሳይለካ ስለ ካፖርት ማውራት አያዋጣም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለ፤ በሰመራና በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች የግመልን ነገር የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉ፤ በደብረ ብርሃን የበግ ምርምር የሚያካሂድ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እነዚህ ተባብረው ከተለያዩ ቦታዎች የተወሰደ ናሙና ቢያጥቡ፣ ቢለዩና ውፍረቱንና ርዝመቱን ለክተው ቢያወጡ፣ አሁን በጋዜጣ የምንከራከርበት ነገር በቁጥር ይታወቃል። በግምት የምናገረው ግን ይህ ነው፤ የእኛ ግመል ጠጉር ከመንዝ በግ ጠጉር ጋር ተቀላቅሎ ለምንጣፍ፣ ለወፍራም ብርድ ልብስና ለጭነት መደላድል ሊሆን ይችላል። የግመል ጠጉር እንደ በግ ጠጉር እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለማይጠብቅ ለብቻው ሲሠራ ይላላል፤ የበጉ ጠጉር ደግሞ ይይዝለታል። ቀለሙን ማንጣት ስለሚያስቸግር በዓለም ገበያም ቢሆን የሚፈለገው በተፈጥሮ ቀለሙ፣ በወርቃማ ቡናማው ነው፤ ስለዚህ የማቅለሚያ ወጪ አይኖርበትም።

ወደ ውጭ ገበያ የሚቸኩሉ ነጋዴዎች ካሉም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በአሜሪካ የእ.ኤ.አ. 1939 ተብሎ የሚጠራ የሱፍ ምርቶች ምልክት ሕግ አለ፤ በልብሱ ውስጥ ያለው የጠጉር ዓይነትና መጠን በመቶኛ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ገዢ ፋብሪካዎችም ናሙና እየወሰዱ አንዲቷን ዘለላ በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ። በዚህ ገበያ ሻካራውን ከላመው፣ የበጉን ከግመሉ ቀላቅሎ ንጹሕ የግመል ጠጉር ነው ብሎ ማቅረብ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ነው። በውጭ የሚኖሩ አንባቢዎቻችሁም ካፖርት ሲገዙ ቀለሙን አይተው አይመኑ፤ የግመል ቀለም ያለው ካፖርት ብዙውን ጊዜ የበግ ጠጉር ነውና ከውስጥ የተሰፋውን ምልክት ያንብቡ።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2024ን ግመልንና ዘመዶቹን ላማንና አልፓካን የሚያስታውስ ዓመት ብሎ ከሰየመ ወዲህ ስለ ግመል የሚጻፈው በዝቷል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ለግመል የሚሆን ገንዘብ ከተገኘ፣ ቅድሚያው ለመሸለቻ መቀስ ሳይሆን ለእከክ መድኃኒትና ለውኃ ጉድጓድ ጥገና ቢሰጥ እመርጣለሁ። እከክ የያዘው ግመል ጠጉሩ ተመልጦ፣ ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ወተቱ ይነጥፋል፤ ኢቨርሜክቲን በወቅቱና በትክክለኛው መጠን ካገኘ ግን ይድናል፣ ጠጉሩም ተመልሶ ይበቅላል። በወረዳ የእንስሳት ጤና ኬላዎች ይህ መድኃኒት በበጋው መግቢያ መኖሩን፣ ሲጠፋም ለምን እንደጠፋ ጋዜጠኞቻችሁ ሄደው ቢጠይቁ፣ ለአርብቶ አደሩ ከካፖርቱ ወሬ የበለጠ የሚጠቅም ዘገባ ይዘው ይመለሳሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ
ከደብረ ብርሃን